ጣይ አምላኪ ያሉት ሰው

ባለፈው ጥቅምት እንጅባራ የልጅ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። ቤቷ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ በመስኮት ሲያዩ ሕንፃ የሚሠሩት ቻይኖች ግቢ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እርጅና እንቅልፌን ከወሰደው ቆይቷል፤ ዶሮ ሳይቀድመኝ እነሣለሁ። አንድ ጠዋት ጉሙ ገና ሳይገለጥ ከቻይኖቹ አንዱ፥ ጠጉሩ የሸበተ ሰውየ፥ በካናቴራ ወጥቶ ከግቢው መኻል ቆመ። ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ከጭኑ አንሥቶ፥ ማንም ሳያስቸኩለው፥ እስከ ደረቱ አወጣቸው፤ መልሶም አወረዳቸው። እኔ የመስኮቱን ብረት እንደያዝሁ ቀረሁ። የልጅ ልጄ ፍሬ ጥርሷን እየፋቀች መጥታ «እማማ፥ ምን ሆኑብኝ?» አለችና ወደ ታች አየች። «ሰውየው አሞት ይሆን እንዴ?» «አላመመውም። ጣይጅ ነው» አልኋት። «ደግሞ ጣይጅ ምንድን ነው?» ብትለኝ ቶሎ መመለስ አቃተኝ። የሷ የሥራ ሰዓት ደርሷል፤ ባጃጁ ከበር ላይ ጡሩምባውን ይነፋል። የኔ መልስ ደግሞ ዳንግላ ድረስ ሄዶ፥ አባቴንና ወንድሜን ቀስቅሶ የሚመለስ ነው። እሷ ስትወጣ ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ።

የዚያን ጊዜዋ ዳንግላ አንድ ዋና መንገድ ነበራት። ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውቶቡስ አቧራውን ለኛ ትቶልን ይሄዳል፤ አቧራው ሲረጋ ጋሪዎቹ ይተካሉ። ከመንገዱ ጥግ የዐረቡ ሱቅ ነበር። ስኳሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ፥ ጫፉን አሹሎ፥ «እንኪ የኔ እመቤት» ብሎ ለአሮጊቱም ለኮረዳይቱም አንድ ዓይነት አድርጎ ይሰጣል። ስሙኒ ይዞ የወጣ ሰው ጨውና ክብሪት ገዝቶ፥ በርበሬም ጨምሮ ይመለሳል። በሽልንግ ደህና ዶሮ ይገኝ ነበር፤ ዛሬ የዶሮ ዋጋ ሲነግሩኝ ስለ በሬ የሚያወሩ ይመስለኛል። ከሱቁ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊው መኪናውን ዘርግቶ ይውላል፤ ወንዶቹ ካኪ ኮትና ተፈሪ ሱሪ፥ እኛ አቡጀዴ ቀሚስ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው እናሰፋለን። ከሱ ትይዩ ያለው ጠጅ ቤት ባለትልቅ ባትሪ ራዲዮ ነበረው፤ ዘፈን ሲጀምር ልብስ ሰፊው እግሩን ከመኪናው ላይ ያነሣና ልብሳችን እዚያው ይቆማል። ብንቆጣውም አይሰማንም። እኛም ከልባችን አንቆጣውም ነበር፥ ዘፈኑን እኛም ፈልገነዋላ።

እኔ ያን ጊዜ ከአባቴ ቤት ነበርሁ። በልጅነቴ ድረውኝ፥ ባሌ ቤት ሳይስማማኝ ቀርቶ ተመልሻለሁ። ያ ጋብቻ የአባቴ ምርጫ ነበር፤ ተመልሼ ከገባሁ በኋላ አባቴ ለብዙ ጊዜ ዓይኔን ማየት ይከብደው ነበር። ፈረስ ነጋዴ ነው፤ የፈረስ ጥርስ አይቶ የሚገዛ ሰው የሰው ጥርስ ተሳስቶ አየና እስከ ዕድሜው መጨረሻ አንገበገበው። ወንድሜ ደሳለኝ ፈረሶቹን ያሠለጥናል። ክንዱ ወፍራም፥ ሳቁ ቅርብ፥ ቁጣው ከሳቁም የቀረበ ነበር። ከሁሉም በላይ እኔን ይወዳል። አንድ ሰው ስለ እኔ «ጋለሞታ» ብሎ ሲያወራ ሰምቶ፥ ሰውየውን ከጋሪ ላይ አውርዶ በእግሩ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አድርጎታል። ነፍሱን ይማርና፥ የደሳለኝ ፍቅር እንዲህ በክንዱ በኩል የሚወጣ ነበር።

አያ ቢሻው ወደ ዳንግላ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። አገሩ ከእንጅባራ በላይ ካለው የቀርከሃ ምድር ነው። ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ፥ ብርድ የአንድ እግሩን ጣቶች የወሰደበት፥ ዕድሜው ወደ ሠላሳዎቹ የገባ ሰው። ከገበያው መግቢያ፥ ጋሪዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ዳስ ጥሎ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ይሠራል። ቀርከሃ ከሚያመጡለት ባላገሮች ጋር በአዊኛ፥ ከኛ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ በሁለቱም ቢሆን ጥቂት ነው የሚያወራ። ሁልጊዜ ያንኑ ጥቁር በርኖስ ይለብሳል። ኒሻን አለው ይባላል፤ አድርጎት ግን ያየ ሰው አልነበረም። አባቴ ለእንግዳ መቀበያ ወንበር እንዳዝለት ልኮኝ ነው ያወቅሁት። ወንበሩ እስኪያልቅ ሦስት ምክንያት ፈጥሬ ተመላልሻለሁ፤ እናቴ ሁሉም ገብቷት አልከለከለችኝም።

ጠዋት ኪዳን ለማድረስ ስሄድ በዳሱ ጓሮ በኩል አልፋለሁ። አንድ ቀን ያን የእንጅባራውን ቻይና መስሎ አየሁት። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፥ እጆቹን ዘርግቶ፥ አንድ እግሩን አንሥቶ እስኪያሳርፍ እኔ ነጠላየን ሁለት ጊዜ አጣፋሁ። ያ የሚያነክሰው ሰውየ አያነክስም ነበር። ከአውደ ምሕረቱ ቆሜም እሱኑ ሳስብ ኪዳኑ አለቀብኝ። በማግስቱ ወንበሩን ሰበብ አድርጌ ሄድሁና ጠየቅሁት።

«አያ ቢሻው፥ ጠዋት ጠዋት የምትሠራው ምንድን ነው?»

የሚሰነጥቀውን ቀርከሃ አስቀመጠ። «አየሽኝ እንዴ?»

«እኔ ብቻ መሰልሁህ? ጋሪ ነጂዎቹ ሁሉ አይተውሃል።»

«ታይጂ ይሉታል። የቻይኖች ነው።»

«እዚያ የተዋጋችኋቸው ቻይኖች?»

«እነሱው» አለና ሳቀ። «የነሱው ወገን እግሬን አሳመመኝ፥ የነሱው ወገን እግሬን መለሰልኝ። እግዜር ሲያስታርቅ እንዲህ ነው።»

ቢሻው እነሱን ሲዋጋ ብርድ እግሩን በልቶት የተኛበት ሆስፒታል ከዚያው ከኮሪያ አንድ የወደብ ከተማ ነበር። ከሆስፒታሉ በር ላይ የወታደር ልብስ የሚያጥብ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ይኖራል፥ ከጦርነቱ ብዙ ዘመን በፊት አገሩን ጥሎ የወጣ። ቢሻው በምርኩዝ ሲያልፍ ያየዋል። አንድ ቀን ሽማግሌው እጅጌውን ይዞ ጎተተው፥ ምርኩዙን ነጠቀውና ግድግዳ ላይ አስደገፈበት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆሞ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፤ አንተም አድርግ ነው። ቋንቋ የላቸውም። በእጅ ነው ያስተማረው። ሲሳሳት ቁርጭምጭሚቱን በልብስ ማማሰያ እንጨቱ መታ መታ ያደርገዋል። ከሆስፒታሉ አንድ አስተርጓሚ ነበር፤ እሱ ሲመጣ ሽማግሌው ቁጭ ብሎ ተረቱን ያወራል፥ አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፥ ቢሻው በምትገባው ጥቂት እንግሊዝኛ ይቀበለዋል፥ ለኔ ደግሞ በአማርኛ አወረደልኝ። እንግዲህ በስንት አፍ ዞሮ ነው ዳንግላ የደረሰው።

አጀማመሩ እንዲህ ነው አለኝ። ዱሮ ዱሮ አንድ መነኩሴ ከተራራ ላይ በዓት አበጅቶ ይኖር ነበር። ሲጸልይ ውሎ ቆሎውን ይዞ ወጣ ቢል (ቆሎውን ማን እንደጨመረው አላውቅም፥ የቻይና መነኩሴ ቆሎ ይቆረጥም እንደሆነ እግዜር ይወቀው) ሽመላና እባብ ሲጣሉ አገኘ። ሽመላዋ መንቁሯን ትወረውራለች፤ እባቡ አንገቱን ሸርተት ያደርጋል፥ መንቁሯ መሬት ይወጋል። በክንፏ ትመታዋለች፤ ይተጣጠፋል። እባቡ በተራው ሲነድፍ እሷም እግሯን አንሥታ ታሳልፈዋለች። ሲደክማቸው ሁለቱም በደህና ተለያዩ። መነኩሴው ያን አይቶ እስኪያረጅ አሰበበት፤ ጠንካራ ነገር የሚሰብረው ጠንካራ ነገር ብቻ ነው፥ የሚያጎነብሰውን ምን ያደርገዋል ብሎ። በኋላ ጥበቡ ወደ አንድ መንደር ወረደ፤ እዚያ አባት ለልጁ ብቻ እየሰጠ፥ ደብተራ ምሥጢሩን እንደሚደብቀው ለብዙ ትውልድ ደብቀው ያዙት። አንድ ባዳ አገልጋይ መስሎ ገብቶ፥ በአጥር ቀዳዳ እያየ እስኪማረው ድረስ ወደ ውጭ አልወጣም። ይኸኛውን የአጥር ነገር ቢሻው ሲያወራ ደስ ይለው ነበር፤ አገሩን የመሰለው እሱ ላይ ነው መሰለኝ።

«ታዲያ ለጠብ የተሠራ ነገር ለምን እንዲህ ያዘግማል?» አልሁት። «ጠላትህ ምሳውን በልቶ ይመለሳል እኮ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የምትሉት?» አለኝ። «ቸኩለሽ የሠራሽው ነገር ስሕተቱን ይደብቅልሻል። ቀስ ስትይ ግን ክብደትሽ የት እንዳለ፥ ትንፋሽሽ የት እንደቀረ ይታወቅሻል።» ከዚያ ተነሥቶ መዳፉን በመዳፌ ላይ አደረገና «ግፊኝ» አለኝ። ሰው ያየናል ብየ ዙሪያየን ቃኘሁና ገፋሁት። የገፋሁት ነገር አልነበረም። እጁ ከእጄ ሳይለይ አብሮኝ ሄደ፥ ሄደና እኔው ልደፋ ስል በክርኔ ይዞ አቆመኝ። «በር ልትሰብሪ በትከሻሽ ስትመጭ ሰው ከውስጥ ቢከፍትልሽ እንደዚህ ነው» አለኝ። «ሽማግሌው ለዚህ ነገር አንድ ቃል ነበረው፤ ቃሉን ረሳሁት። እኔ በኛ ቋንቋ መሸኘት ብየዋለሁ። የመጣብሽን ኃይል አትጣይው። እንግዳ ነው። ትንሽ መንገድ አብረሽው ሂጅና ሸኝው።» እጄ እስከ ማታ ሞቆኝ ዋለ። ዛሬ በዚህ ዕድሜየ ይኸን ብጽፍ ማን ይቆጣኛል፤ የወደድሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ጣጣው እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። በኛ በጎጃሞች አፍ ፀሐይ ጣይ ናት። ጋሪ ነጂዎቹ ስሙን ሲጠይቁት «ታይጂ» ይላል፤ እነሱ የሰሙት «ጣይ እጅ» ነው። አያችሁ፥ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፥ እጁ የተዘረጋ፥ ሰዓቱ ጣይ የምትወጣበት፥ ስሙም ጣይ እጅ። ከዚህ በላይ ምስክር ማን ይፈልጋል? ቢሻው ኮሪያ ሄዶ ሃይማኖቱን ለውጦ፥ ለጣይ ሲሰግድ ተገኘ ተባለ። ስም ይወጣል ከቤት፥ ይከተላል ጎረቤት፤ የሱ ግን ከጋሪ ማቆሚያ ወጥቶ ከተማው ተከተለው። ከጠጅ ቤቱ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ እንዲህ ብሎ አወጣለት፤

ጣይ አምላኩ መጣ ቀርከሃ ተሸክሞ፤
ሰው ሁሉ ሲጣደፍ እጁን ዘርግቶ ቆሞ።

ዜማው ደግሞ ይጣፍጥ ነበር፥ ክፉ ነገር ሁሉ ዜማው አያምርም? እኔም ልብስ ሳጥብ ሳላስበው አዚሜው እናቴ በቁጣ ዓይኗ አየችኝ። ወንበር የሚገዛው ሰው እየቀነሰ ሄደ። ቢሻው በዚህ ሁሉ መኻል ሽማግሌ ላከ። እኔን ለመጠየቅ።

አባቴ ቢሻው ራሱም እንዲመጣ አዘዘና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀመጡ። የንስሐ አባታችን መምሬ ካሳ ከመኻል ናቸው። እኔ ከጓዳ በመጋረጃው ሥር አያለሁ። ደሳለኝ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ልጄ ቢሻው» አሉ መምሬ። «ጠዋት እጅህን ወደ ጣይ ዘርግተህ ምን ትላለህ?»

«ምንም አልልም አባቴ። እተነፍሳለሁ።»

«እኛም እንተነፍሳለን። እጃችንን ግን ለእግዜር እንጅ ለጣይ አንዘረጋም። ስሙን ማን አልኸው?»

«ታይጂ።»

«ይኸው! በአፉ ጣይ አለ!» አለ ደሳለኝ።

መምሬ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው፥ ነገሩን በፊደል ያዙት። «ቆይ እስቲ። በጠ ነው በተ?»

«በተ ነው አባቴ። በነሱ ፊደል ሲጽፉት አይቻለሁ፥ ሽማግሌው በጣቱ መሬት ላይ ጽፎልኛል። ታይ ማለት ትልቅ ማለት ነው አሉኝ። ጂ ያለው ደግሞ የጣራው አናት፥ ሁለቱ ክዳን የሚገናኝበት እንጨት ነው። በኛ ቤት ያው ምሰሶው ነው፥ ያለሱ ቤት አይቆምም። ትልቁ ምሰሶ ማለት ነው።»

«ምሰሶ!» አሉ መምሬ።

«አዎ። ጣራው በአንድ ወገን ጣይ ይመታዋል፥ በአንድ ወገን ጥላ ይሆናል። ሲመሽ ጥላውና ጣይው ቦታ ይለዋወጣሉ። ሽማግሌው ሰውም እንደዚያው ነው አለኝ፥ ብርታቱ ውስጥ ድካም፥ ድካሙ ውስጥ ብርታት አለ። ሁለቱ ክዳኖች ተደጋግፈው ይቆማሉ እንጅ አንዱ ሌላውን ካሸነፈ ቤቱ ይወድቃል።»

መምሬ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «በዚህ ውስጥ ኃጢአት አላየሁበትም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ፊትህን ወደ ምዕራብ አዙረህ ብትሠራው ምን ይልሃል?»

«ወዳሻዎት አባቴ። ወደ ምሥራቅ የዞርሁት በምዕራቡ በኩል የጋሪ ፈረሶች ስለሚታሰሩ ነው፤ ይረግጡኛል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም በጓዳ ነጠላየን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳቅሁ። አባቴ ግን አልሳቀም። ለቢሻው ጥላቻ የለውም፤ ፍርሀት ነው የያዘው። «እኔ ሊቅ አይደለሁም» አለ። «ጠ ይሁን ተ አላውቅም። ልጄን አንድ ጊዜ አጥፍቻታለሁ። ሁለተኛ ገበያ ላይ እንዲዘፈንባት አልፈልግም። ይኸን ነገር ተወውና ውሰዳት፤ እመርቃችኋለሁ።»

እኔ በሆዴ «እሽ በል፥ እሽ በል» እላለሁ። እሽ ቢል ምን ነበረበት? በሩን ዘግቶ ቢሠራው ማን ያየዋል?

«አባቴ» አለ ቢሻው። «እተወዋለሁ ብየ ምየልዎት፥ ተደብቄ ብሠራው ይወዱልኛል? ያለሱ እግሬ አይታዘዘኝም። በውሸት ልጅዎን አልወስድም።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው መንገድህን ያቅናልህ» አለው። ያ በጨዋ አፍ «አይሆንም» ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ደሳለኝ የሰማው ሌላ ነው። እህቱ ከአንድ እንቅስቃሴ አንሳ ተገኘች፥ ያ ነው የሰማው።

በገበያ ቀን ሄዶ ከዳሱ ፊት ቆመበት። እኔ ከዐረቡ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበርሁ፥ ሁሉንም ያየሁ መስሎኝ ነበር። «እህቴን ከምንም ሳትቆጥራት ቀረህ አይደል?» አለው። ቢሻው «ደሳለኝ፥ ቁጭ በልና እናውራ» ይለዋል። ደሳለኝ በሁለት እጁ፥ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋው። ቢሻው ከቦታው አልተነቃነቀም ማለት አልችልም፥ ወገቡ ብቻ ዞር አለ። ወንድሜ ከፊቱ ሰው እንደሌለ ሁሉ አልፎት ሄደ፤ የጋሪ ፈረሶቹ የሚቆሙበት ጭቃ ውስጥ ተዘረጋ። የገበያው ሳቅ ፈነዳ። ጨው የሚሸጡት፥ ጌሾ የሚሸጡት፥ ከጥሊሊ በግ ይዘው የመጡት ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያ ሰውየውን ከጋሪ ያወረደው ደሳለኝ፥ በአንድ አንካሳ ሰው ፊት ጭቃ ለብሶ ተነሣ። ልብሱን እንኳ ሳያራግፍ ሄደ።

ቤት ስገባ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ የአባቴን ጠመንጃ በዘይት ያጸዳል። አባቴ ከፊቱ ቁጭ ብሏል። እናቴ በእግሩ ወድቃ «በጡቴ ይዤሃለሁ» ትለዋለች። በኛ አገር መውደቅ አይገድልም፤ ገበያ ፊት ወድቆ ተስቆበት ዝም ያለ ወንድ ግን ሞቷል ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ደም ከነካው የልጅ ልጅ ድረስ ይሄዳል። ባል ማጣት አይደለም አሁን፤ ወንድሜ ነፍስ አጥፍቶ ጫካ ሲገባ፥ ያ ሰው በኔ የተነሣ ሲቀበር ታየኝ። ነጠላየን እንኳ ሳልደርብ ወደ ዳሱ ሮጥሁ።

«አሸነፍህ!» አልሁት። «ደስ አለህ?»

ቢሻው ቀርከሃዎቹ መኻል ቁጭ ብሎ ፊቱ ተለውጦ ነበር። «አላሸነፍሁም» አለኝ። «ሽማግሌው ቢያየኝ ጆሮየን ነበር የሚቆነጥጠኝ። ከጣራው አንዱን ክዳን ጣልሁት።»

«ወደ አገርህ ሂድልኝ። ዛሬውኑ ሂድ፥ በማርያም።»

«ብሸሽ ይከተለኛል። ብቆም ይገፋኛል፥ መልሼ እጥለዋለሁ» አለና ተነሣ። «ገብቶኛል። አንች ወደ ቤት ሂጅ።» ምን እንደገባው አልነገረኝም። ያን ሌሊት ማንም ቤታችን ውስጥ አልተኛም።

ዛሬ ነገር ሲነሣ ልጆቹ ጠበቃ ይይዛሉ፥ ቀጠሮ ይባላል፥ ዓመት ይፈጃል፤ በስልክም ይሰዳደባሉ ይሉኛል፥ ተሳዳቢውና ተሰዳቢው ሳይተያዩ። አልከፋም፥ ከጥይት ይሻላል። እኛ ግን ሌላ መንገድ ነበረን። የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በቀን፥ ሰው እያየው፥ ወደ በደለው ሰው ደጅ ይሄዳል። ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርድም። ጎልማሳ ወንድ፥ ያውም ወታደር፥ ከሞት ይልቅ ይኸን ይፈራል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከውጭ የሰው ድምፅ ሰማን። በአጥሩ በኩል አየሁ። ቢሻው ነው። በባዶ እግሩ፥ በርኖሱን በገመድ ታጥቆ፥ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በዋናው መንገድ ይመጣል። ጣት አልባው እግሩ ይጎተታል። የትናንቶቹ ሳቂዎች በሁለቱም ወገን ቆመዋል፥ የሳቀ ግን የለም። ልብስ ሰፊውም መኪናውን ትቶ ተነሥቷል። ከደጃችን ደርሶ ተንበረከከ። «ደሳለኝ» አለ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። «እኔ አንተን ሰው ፊት አስቄብሃለሁ። ስለ እመቤታችን ብለህ ማረኝ።»

ደሳለኝ ከበሩ ላይ ቆመ። ጠመንጃው ከግድግዳው ላይ ነው፥ በእጁ አልያዘውም። «አውርድ» ግን አላለም። አባቴም ከቤት አልወጣም፤ ቃሉ የተበዳዩ ነው፥ አባትም አይገባበት። የቢሻው ላብ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ደም ቀመስሁ። ደሳለኝ ወደ ሰዉ ዞረ እንጅ ወደ ቢሻው አልዞረም።

«ትናንት ሳቃችሁ» አለ። «ያላያችሁትን ልንገራችሁ። ስወድቅ ጋሪ ማሰሪያው ድንጋይ ፊት ለፊቴ ነበር። ይኸ ሰው ከኋላ ኮሌታየን ይዞ ወደ ጭቃው መለሰኝ። ባይዘኝ ዛሬ ለቅሶ ነበራችሁ። አልጣለኝም፥ ሸኘኝ። እኔ ዐውቄ ነው ጠመንጃ ያጸዳሁት፤ ዐውቄ!» ወርዶ ድንጋዩን ከቢሻው ጫንቃ ላይ ያዘ። «በዳዩ እኔ ነኝ። ለኔ ስጠኝ።»

«አይሆንም» አለ ቢሻው፥ ድንጋዩን አልለቅም ብሎ።

«ስጠኝ አልሁህ!»

አንዱ ከአንዱ ጫንቃ ላይ ድንጋይ ሲነጥቅ፥ ሁለቱም እያለቀሱ፥ ከደጃችን ጭቃ ውስጥ ተያይዘው ቀሩ። መጨረሻ ላይ ድንጋዩ በመኻላቸው መሬት ወደቀ። አባቴ ምርኩዙን ይዞ ወጣ፥ ሁለቱንም ከላይ ወደ ታች አያቸው። «በሉ እንግዲህ ተነሡ፤ ለድንጋይም ተጣላችሁ?» አለ። ከዚያ ወደ ቤት ዞሮ በስሜ ጠራኝ። «ዘውዴ፥ ውሃ አምጭና እጅ አስታጥቢ። ማዕድ ይቅረብ።»

የሌላ አገር ሰው ይኸ ምንም አይመስለው ይሆናል። በኛ አገር ግን ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው እሽ ሳይባል ከልጅቱ ቤት እህል አይቀምስም። አባቴ «ሰጠሁህ» የሚለውን ቃል በሕይወቱ አልተናገረውም፤ ያለው እጅ አስታጥቢ ብቻ ነው። ማሰሮውንና ሳሕኑን እንዴት እንዳነሣሁ አላስታውስም። ለቢሻው ሳፈስለት ውሃው ግማሹ መሬት ፈሰሰ፤ ቀና ብሎ አየኝና ሁለታችንም ቶሎ አቀረቀርን። ያን ጊዜ አላለቀስሁም። ቀጥየ ለደሳለኝ አፈሰስሁ። ያ ወፍራም ክንዱ፥ ስንቱን ለኔ ሲል የገፋበት እጁ፥ የጠመንጃው ዘይት ገና አልለቀቀውም ነበር። ውሃውን ጨምሬ፥ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዤ እስኪጠራ አጠብሁለት። «በቃ፥ እህቴ፥ በቃ ለቀቀ» ይለኛል፤ እኔ ግን እንባየ ማሰሮው ውስጥ እየገባ ማፍሰሴን አልተውሁም።